ለባዶ ወንበር የተነሳ እጅ

የባሻ ይመርን መሞት የነገረኝ ከድር የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ መጥቶ ሎጊያ አድሮ፣ ሰመራ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ለጉዳይ ብቅ ብሎ ነበር። ተራው እስኪደርስ ጨዋታ ጀመርን።

«ድሮ አዋሽ ይሠሩ ነበር አሉ፣ እትዬ» አለኝ። «መገንጠያው ላይ ሻይ ቤት ያለውን ባለኮፍያውን ሰውዬ ያውቁታል?»

«እኔ መጀመሪያ ሳውቃቸው ኮፍያ አያደርጉም ነበር።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው። የእኛው ከነኮፍያው ነው የኖረው። ባለፈው ሰሞን ሞተ፣ አላህ ይርሐመው።»

ሌላ ሰው አልነበረም። ባሻ ይመር እኔ ካወቅኳቸው ወዲህ ያለውን ዕድሜያቸውን ለሁለት የከፈሉ ሰው ናቸው፤ ግማሹን ኮፍያ አላደርግም ብለው፣ ግማሹን ደግሞ ኮፍያ አላወልቅም ብለው ኖሩ። ምክንያቱ ለሁለቱም አንድ ነው፦ ወታደራዊ ሰላምታ። ከድር ፊት ማልቀስ አፈርኩና ወረቀት የምፈልግ መስዬ መሳቢያዬን ከፈትኩ።

በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት፣ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከደጋ የመጣሁ ልጅ ስለነበርኩ የመጀመሪያው ዓመት ሥራዬ መተየብና ማላብ ነበር። ከቢሮ ስንወጣ የምንሄደው የአሰብ መንገድ ከሚገነጠልበት ጥግ ወዳለው የባሻ ይመር ሻይ ቤት ነው። ባሻ የወሎ ሰው ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን በጃንሆይ ቤተ መንግሥት በር ላይ ዘብ ቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜያቸውን ሁሉ እንደ ትርፍ ነው የሚያዩት። ማዕረጋቸው ትንሽ ነበር። ድምፃቸው ግን የጄኔራል ነው፤ «ሁለት ሻይ!» ሲሉ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ከመቀመጫው ይነሳል።

አገር የምትቆመው በሦስት ነገር ነው ይሉ ነበር፤ ሦስቱም ሰላምታ ናቸው። ሻይ ያዘዘ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ይማራል። ሰላምታ ሁለት ጫፍ እንዳለው፣ አንዱ ሰጥቶ ሌላው ካልመለሰ የሚዋረደው የሰጠው ሳይሆን ያልመለሰው እንደሆነ፣ ጃንሆይም ቢሆኑ የአንድ ተራ ዘብን ሰላምታ ሳይመልሱ አልፈው እንደማያውቁ፣ ይህን ሁሉ በራዱን እንደያዙ ይተርኩልናል። ሻያችን ቀዝቅዞ የተማርነው ትምህርት ስለሆነ አይረሳም።

ከሁሉ የሚወዱት ታሪክ ግን የመኪናው ነው። የመሪ መኪና ባንዲራ መሪው ውስጥ ከሌለ በሽፋን ይጠቀለላል። አንድ ቀን የጃንሆይ መኪና ለእጥበት ሲወጣ፣ በር ላይ የነበሩት ሁሉ ከነመኮንኑ ሰላምታ ገጭ አደረጉ። ባሻ ብቻ ዝም ብለው ቆሙ። መኮንኑ በጥፊ አላቸው። ጉዳዩ እስከ ትልቁ አዛዥ ደረሰና ለባሻ ተፈረደ።

«ጨርቁ ከተሸፈነ ወንበሩ ባዶ ነው» ይሉ ነበር የተመታ ጉንጫቸውን እየዳሰሱ። «ለባዶ ወንበር እጁን የሚያነሳ ወታደር አይደለም፣ አሽከር ነው።»

ያቺ ጥፊ ከማዕረጋቸው ይልቅ ታኮራቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶን ነበር።

ጃንሆይ ከወረዱ ማግስት ጀምሮ ባሻ ኮፍያ ማድረግ ተዉ። እነሆ ሌላው ሕግ፦ ኮፍያ የሌለው ወታደር በእጁ ሰላምታ አይሰጥም። ስለዚህ አዲሶቹ ሹማምንት ሲያልፉ ባሻ ባዶ ራሳቸውን ለሰማይ ያሳዩና ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ጥፋት የለባቸውም። የአዋሽን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጀግንነት እንደሆነ አይገባውም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ በየማታው አናታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለች፣ «ጃንሆይ እንደሁ አይተው አያመሰግኑዎት!» ትላቸው ነበር።

ለግራ እጅም መላ ነበራቸው። ያን ጊዜ ስብሰባ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ በማንሳትና መፈክር በማሰማት ነው። ያላነሳ ሰው ፀረ አብዮት ነው፤ ፀረ አብዮት የሆነ ሰው ደግሞ ብዙ አይቆይም። ባሻ ስብሰባ ሲመጡ የሻይ በራድ በግራ እጃቸው ይዘው ይመጣሉ። እጁ የተያዘ ወታደር ሰላምታ አይጠየቅም፤ ይህም ሕግ ነው። ተሰብሳቢው ሻይ ስለሚያገኝ ለብዙ ጊዜ ማንም ነገሬ አላለውም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ በላቸው ይባል ነበር። ድሮ ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ «ቲኬት!» ሲል የኖረ ጉሮሮ ለመፈክር የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን ከላይ የመጣ ካድሬ ባለበት ስብሰባ ጓድ በላቸው መፈክሩን ሲያወርድ፣ የካድሬው ዓይን ባሻ ላይ አረፈ።

«እኚህ አባት ለምን አያነሱም?»

«እጄ ተይዟል፣ ጌታዬ» አሉ ባሻ።

«ጌታዬ የሚባል ቀርቷል፤ ጓድ ይበሉ።»

ጓድ በላቸው ደነገጠና፣ «ከነያዙት ያንሱ!» ብሎ ጮኸ።

ባሻ ትእዛዝ አክባሪ ናቸው። ከነያዙት አነሱ። በራዱ ሙሉ ነበርና ትኩሱ ሻይ አጠገባቸው በቆመው በጓድ በላቸው ትከሻ ላይ ወረደ። ጓድ በላቸው እየዘለለ፣ ግራ እጁን ግን ሳያወርድ፣ ሁለት ጊዜ «ይውደም!» አለ። ሁላችንም ከንፈራችንን ነክሰን መሬት መሬት አየን። ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ሳቀ። እሱም የባሻ ልጅ ሰይድ ነበር፣ የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኛ፣ ገና ጢም ያበቀለ ሳቂታ ልጅ።

ሰይድን እዚያው ያዙት። ወንጀሉ በአብዮቱ ላይ መሳቅ ነው። ባሻን ያላሰሩበትን ምክንያት ሰዎች ብዙ አወሩለት፤ እኔ እንደሚመስለኝ በከተማው ውስጥ እንደሳቸው ሻይ የሚያፈላ ስላልነበረ ነው።

ከጣቢያው ጀርባ ባለው አሮጌ መጋዘን አሰሩት። ከዚያ መጋዘን ሰው በጭነት መኪና ወደ አውራጃ ይወሰዳል፤ የተወሰደ ሲመለስ አላየንም። እትዬ ዘሃራ ጠዋትና ማታ ምግብ ታመላልሳለች። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ከወጣ ልጇ አለ ማለት ነው። ምግቡ እንዳለ የተመለሰባት እናት ምን እንደምትረዳ በዚያ ዘመን የኖረ ያውቃል። ባሻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሕግ ማስተማር ተዉ። ሻያችንን በሙቀቱ መጠጣት ጀመርን፤ አልጣመንም።

ይህ በሆነ ሰሞን ነው የአገሩ መሪ፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ በአሰብ መንገድ ያልፋሉ የሚል ትእዛዝ የመጣው። ከተማዋ ተገለበጠች። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀባ፤ ፍየሎች ከጎዳና ታገዱ፤ እኔ መፈክር ስተይብ ጣቴ አበጠ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ተሰልፈው ሲሞከሩ ግን አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ፣ አንዱ ደግሞ መሳሪያውን ጥሎ በሁለት እጁ ነበር ሰላምታ የሚሰጠው። ጓድ በላቸው ወደ ሻይ ቤቱ መጣ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ባሻ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እነዚህን ልጆች ሰልፍ ያስተምሩልኝ። በዕለቱም ከፊት የሚቆሙት እርስዎ ይሁኑ። ከነኮፍያዎ። ሰላምታውን በሚገባ ከሰጡ፣ ሰይድ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።»

«ባልሰጥስ?»

«መኪናው ሰኞ ወደ አውራጃ ይሄዳል።»

ባሻ ጠረጴዛውን በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ንጹሕ የነበረውን ጠረጴዛ ደጋግመው ወለወሉት።

«ሰላምታ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም» አሉ በመጨረሻ።

ከመጋረጃው ጀርባ እትዬ ዘሃራ ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ባሏን አንቱ ስትል የኖረች ሴት ናት።

«ይሸጣል!» አለች። «ወላሂ ይሸጣል! አንተ ሰውዬ፣ ለወረደ ንጉሥ ብለህ ፀሐይ አናትህን ሲበላው ዝም ብዬሃለሁ። ልጄን ግን ለኮፍያ አልሰጥህም!»

ባሻ ሚስታቸውን ቀና ብለው አዩ። ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት ጣቢያው ሜዳ ላይ ድምፃቸው ተሰማ።

ማስተማሩን ያውቁበታል። ችግር የመጣው በእጅ ጉዳይ ነው። ጓድ በላቸው፣ ከፊት የሚቆመው ሰው ጦሩንም ሰፊውን ሕዝብም ስለሚወክል፣ ቀኝ እጁን ለኮፍያው፣ ግራ እጁን ለአብዮቱ በአንድ ላይ ያንሳ አለ።

«ሁለት እጁን ያነሳ ወታደር የተማረከ ነው» አሉ ባሻ። «ለመሪ ተሰልፎ መማረክ በየትም አገር ታይቶ አይታወቅም።»

«ሰይድ ደህና ነው» አለ ጓድ በላቸው፣ ያልተጠየቀውን።

ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

ዕለቱ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰለፍን። ባሻ ኮፍያቸውን ከሳጥን አውጥተው አድርገዋል፤ የብል መድኃኒቱ ሽታ እኔ ድረስ ይመጣል። ላብ በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁመድ የሚባል የአፋር ሰው ግመሎቹን እየነዳ በሰልፋችን አጠገብ አለፈ። ሁመድ የባሻ ወዳጅ ነው፤ ወተት ያመጣላቸዋል። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነግረው አያልፍም። ዳጉ ይሉታል። በዚህ ወሬ ሐሰት መናገር ነውር ነውና ከአስተዳደሩ ሬዲዮ ይልቅ የሚታመነው እሱ ነበር።

«ባሻ፣ ማንን ትጠብቃላችሁ?» አለ ሁመድ።

«ትልቁን ሰው።»

«ትልቁ ሰውዬ በዚህ አይመጣም። በሰማይ ሄደ። ትላንት ዱብቲ ወረደ አሉኝ፤ ያየው ሰው ነው የነገረኝ። መኪናዎቹ ብቻ ከኋላ ይመጣሉ።»

ወሬው በሰልፉ ውስጥ እንደ ንፋስ ሄደ። አንዳንዱ መቀመጥ ጀመረ። ጓድ በላቸው እየሮጠ መጣ።

«ለሕዝብ የሚነገር ነገር ከላይ ነው የሚመጣው እንጂ ከግመል ኋላ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ሁመድን ያውቀዋል፤ ሁመድ እንደማይዋሽ ያውቃል። ተሰለፉ የሚለውን ትእዛዝ የሻረ ግን የለም። ወደ ባሻ ጠጋ አለና በሹክሹክታ፣ «ባዶ ይሁን ሙሉ እኔን አያገባኝም፤ መኪናው ውስጥ ማን ተቀምጦ እንደሚያየን አላውቅም። ስምምነታችን ስምምነት ነው» አለ።

አቧራው ታየ። ከፊት ወታደሮች የጫኑ መኪናዎች በፍጥነት አለፉ። መሐል ላይ ረጅሙ ጥቁር መኪና መጣ፣ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ለመታጠፍ ዝግ አለ። ግንባሩ ላይ የቆመው ባንዲራ በጥቁር ሽፋን ተጠቅልሎ ታስሮ ነበር። እኔ ባሻን አየሁ፤ ባሻ ሽፋኑን አዩ። ቀኝ እጃቸው ወደ ጉንጫቸው ሄደች፣ ያኔ ወደ ተመታው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጎናቸው መለሱና ቀጥ አሉ።

ጓድ በላቸው፣ «ባሻ!» አለ።

ከሰልፉ ጀርባ እትዬ ዘሃራ ባዶ ሰሃን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ባሻ ዞረው አላዩአትም፤ መኖሯን ግን ያውቃሉ።

ባሻ ጫማቸውን አጋጩ። እንደዚያ ያለ ሰላምታ በሕይወቴ አላየሁም፤ ቀኝ እጃቸው ኮፍያው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጣቶቻቸው አንድ ላይ የተሰፉ ይመስላሉ። ከዚያ ግራ እጃቸው፣ ያን ሁሉ ዘመን በበራድ የተሸሸገችው፣ ተጨብጣ ወደ ላይ ወጣች። ሁለቱም እጆቻቸው ላይ ናቸው። እንባቸው ከላባቸው ጋር ወረደ። ሕዝቡ ሆ አለ።

የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር። የኋላው ወንበር ላይ የውሃ ጠርሙስ የያዘ ሳጥን ተቀምጧል። ሹፌሩ ብቻውን ሙዝ እየበላ ነበር። ያን ሁሉ ሰውና ያን አዛውንት አየና ግራ ገባው፤ ምን እንደሚያደርግ ሲያጣ ሙዙን እንደያዘ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳና አለፈ።

ጓድ በላቸው ቃሉን ጠበቀ። ይህንን ልክድበት አልችልም። ሰይድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገባ፤ ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ሳቁንም እዚያ መጋዘን ውስጥ ትቶት መጣ። እትዬ ዘሃራ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «አልሐምዱሊላህ» ደጋግማ አለች። ባሻ ሻይ ቀዱለት።

«አባ፣ ሰላምታ ሰጡ አሉኝ» አለ ሰይድ። «መለሱልዎት?»

«ሹፌሩ መልሶልኛል» አሉ ባሻ።

በማግስቱ ቢሮ ስሄድ ባሻ ወንበር አውጥተው መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል፣ ከነኮፍያቸው። ወደ አሰብ የሚሄድ የጭነት መኪና ሲመጣ ተነሱ፣ ጫማቸውን አጋጩ፣ ሰላምታ ሰጡ፤ በቀኝ እጅ ብቻ። ከዚያ ሌላ መጣ፤ ለእሱም ሰጡ። ሲሚንቶ ለጫነ፣ ሽንኩርት ለጫነ፣ ነዳጅ ለጫነ ቦቴ ሁሉ። ከተማው አበዱ አለ። ጓድ በላቸው ግን በስብሰባ ላይ አመሰገናቸው፤ እንደ ጓድ ይመር ንቁ የሆነ ዜጋ ለኢኮኖሚያችን የደም ሥር ለሆነው ትራንስፖርት ክብር ይሰጣል ብሎ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ንግግሩን የተየብኩት እኔ ነኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲጠፋ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጠየቅኳቸው።

«ባሻ፣ ይህን ለምን ያደርጋሉ? ሕግ ያለበት ነገር ነው ወይስ የሌለበት?»

«የለበትም» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ለባዶ ወንበር አንድ ጊዜ እጄን አንስቻለሁ። ልጄን አገኘሁበት፤ አልጸጸትም። ግን ያቺ ሰላምታ ብቻዋን ከቀረች የሕይወቴ የመጨረሻ ሰላምታ እሷ ልትሆን ነው። አሁን ሰው ላለበት መኪና ሁሉ አነሳለሁ። ምናልባት ከመሐል ትጠፋልኝ ይሆናል።»

መኪና መጣና ንግግራቸውን አቋርጠው ተነሱ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

«ይኸው» አሉ ሲቀመጡ። «ይመልሳሉ።»

ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ጓድ በላቸው ተሻረ፤ ቀጥሎ የአገሩ ሊቀ መንበርም ሄዱ፣ እንደዚያን ዕለቱ በሰማይ። ሌሎች መጡ። የባሻ ሰላምታ ግን ለሹፌር ስለሆነ መንግሥት ሲለወጥ አልተለወጠም። እኔ ወደ ሰመራ ተዛውሬ አዋሽን ስለቅ አውቶቡሳችን በሻይ ቤቱ ደጅ አለፈ። ባሻ ተነስተው ሰላምታ ሰጡ። ኮፍያ አልነበረኝም፤ ሕጉን አፍርሼ እጄን ወደ ግንባሬ አነሳሁ። ያዩኝ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ለከድር ነገርኩት። እሱም ባለኮፍያው ሰውዬ አንድ ዘመን ባዶ ራሱን ፀሐይ ላይ እንደዋለ ሲሰማ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ነቀነቀ።

«ልጁ ሰይድ ወንበሩን ከመንገዱ ዳር አላነሳውም» አለኝ። «ኮፍያውንም መደገፊያው ላይ ሰቅሎታል። ስናልፍ ሁላችንም ጡሩምባ እንነፋለን፣ እጃችንንም እናነሳለን። ወደ ጅቡቲ ስወርድም እኔ አንስቼ ነው ያለፍኩት።»

«ባዶ ወንበር እኮ ነው፣ ከድር» አልኩት። «ባሻ ቢያዩህ ይቆጡህ ነበር። ለባዶ ወንበር ሰላምታ አይሰጥም።»

ስሙ ተጠራ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቆመ።

«እሱ በፀሐይም በአቧራም እየተነሳ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰጠን፣ እኛ አንዳንዴ እንቅልፍ ይዞን፣ አንዳንዴ ቸኩለን ዝም ብለን አልፈናል» አለ። «እየሰጠን አይደለም፣ እትዬ። ያልመለስነውን እየመለስን ነው።»